የቤት ዊድ አደራረቅ፦ ስለ እርጥበትና ስለ አየር ጠይቁኝ

ሰላም ጎበዝ። ሜሪላንድ ነኝ፣ ከጁላይ 1 2023 ጀምሮ ቤት ውስጥ ሁለት የዊድ (ካናቢስ) ተክል ስለተፈቀደ በየዓመቱ አበቅላለሁ። ኦክቶበር ሲመጣ የሁላችሁም ጥያቄ አንድ ነው፣ ቆርጠን ሰቀልነው፣ ከዛስ? አራት ወር የተለፋበት ነገር በአስር ቀን ሲበላሽ ማየት ያንገበግበኛል፣ ስለዚህ ዛሬ ማታ የመጣውን ሁሉ እመልሳለሁ።

ጥ፦ ስንት ዲግሪ፣ ስንት ፐርሰንት?

መ፦ 60 በ60 ብለህ ያዝ። 60 ዲግሪ ፋራናይት እና 60 ፐርሰንት እርጥበት። ሙቀቱ እስከ 68 ቢደርስም ችግር የለውም፣ እርጥበቱ ግን ከ55 እስከ 60 መሃል ይሁን። እንደዛ ከሆነ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። ትኩስ አበባ ከክብደቱ ሶስት አራተኛው ውሃ ነው፣ ያ ሁሉ ውሃ ቀስ ብሎ ነው መውጣት ያለበት፣ ሽታውን የሚሰጡት ዘይቶች ሙቀት ካገኙ አብረው ይተናሉ፣ በሶስት ቀን የደረቀው ሁሉ ድርቆሽ ድርቆሽ የሚሸተው ለዚህ ነው።

ጥ፦ ፋን ቀጥታ ላዙርበት? እናቴ ቋንጣ የምትሰቅለው ነፋስ ያለበት ቦታ ነበር።

መ፦ እናትሽ ልክ ናቸው፣ ግን ቋንጣ የሚዘለዘለው በስሱ ነው። ወፍራም ሆኖ የተዘለዘለ ቋንጣ ካየሽ ላዩ ይደርቅና ውስጡ ይሸታል፣ አበባም ያው ነው፣ ነፋሱ ፊት ለፊት ከመታው ቅርፊት ይሰራና ውስጡ ያለው ውሃ መውጫ ያጣል። ፋኑን ወደ ግድግዳ አዙሪው፣ አየሩ ግድግዳውን መትቶ ቀስ ብሎ ይዙር፣ ቅጠሉ ከተወዛወዘ በዝቷል ማለት ነው። እኔ ከመስቀሌ ሁለት ቀን በፊት ባዶ ክፍሉ ውስጥ ትንሽ እጣን አጨስና ጭሱን እከታተላለሁ፣ የትኛው ጥግ ላይ ቆሞ እንደቀረ አያለሁ፣ እዛ ጥግ ላይ ምንም አልሰቅልም። ከዛ ክፍሉን በደንብ አናፍሱት፣ የእጣኑ ሽታ አበባው ላይ እንዳይቀር።

ጥ፦ የኔ ሃይግሮሜትር (የእርጥበት መለኪያ) 48 ይላል፣ የጓደኛዬ እዛው ክፍል ውስጥ 60። የቱን ልመን?

መ፦ ሁለቱንም አትመን፣ በጨው ፈትናቸው። የጠርሙስ ክዳን ላይ ጨው አድርግ፣ ውሃ ጠብ ጠብ አድርግበትና እንደ ሊጥ ይሁን እንጂ አይሟሟ። ከመለኪያዎቹ ጋር ዚፕሎክ ውስጥ ዝጋውና ለአንድ ቀን ተወው። እርጥብ ጨው የታሸገ አየርን 75 ፐርሰንት ላይ ነው የሚያቆመው፣ ያንተ 69 ካለ ከዚህ በኋላ 6 እየደመርክ አንብበው።

ጥ፦ ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ነው፣ ቤዝመንቱ ከ74 አልወርድ አለኝ።

መ፦ እዚህ ላይ አትዘግይ፣ ከ70 በላይ ሆኖ ሲያድር ሻጋታ ግብዣ አይጠብቅም። ዲሂዩሚዲፋየር (አየሩን የሚያደርቅ ማሽን) አስገባ፣ ግን ማሽኑ ራሱ ሙቀት ይለቃል፣ ስለዚህ ከተቻለ ከማድረቂያው ቴንት (ድንኳን) ውጪ አድርገውና ክፍሉን ያድርቅ፣ ቴንቱ ከክፍሉ አየር ይሳብ። ትላልቁን ቅርንጫፍ ከፋፍለው፣ ሰፋፊ ቅጠሉን አንሳ፣ በመሃሉ እጅህ የሚያልፍ ክፍተት ተው።

ጥ፦ እኔ ሚኒሶታ ነኝ፣ የኔ ተቃራኒው ነው፣ 25 ፐርሰንት!

መ፦ ሂተሩ ነው። ውጪ ያለው ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው ውሃ ትንሽ ነው፣ እሱኑ አስገብተህ ስታሞቀው ውሃው ሳይጨምር አየሩ ብቻ ይጠማል፣ ከአበባው ይመጠዋል። ቅጠሉን ሳታነሳ ሙሉ ቅርንጫፉን ስቀል፣ ቅጠሉ እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። ትልቅ ካርቶን ወይም ቴንት ውስጥ አድርገውና ሂዩሚዲፋየሩን (አየር የሚያረጥበውን ማሽን) ውጪ፣ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጠው።

ጥ፦ መድረቁን በምን ልወቅ?

መ፦ ጣት ይዋሻል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት አምስተኛው ቀን ላይ ስነካው ኩርሽም ኩርሽም አለልኝ፣ ደርቋል ብዬ ጃር (የመስታወት ማሰሮ) ሞላሁና ዘጋሁት፣ በአራተኛው ቀን ስከፍት የአሞኒያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፣ አበባው እንደገና ረጥቦ ተጣብቋል፣ ከሶስት ጃር ሁለቱን ጣልኩ። ላዩ ነበር የደረቀው፣ የግንዱ ውሃ ገና እየመጣ ነበር። አሁን ቀጭኗን ቅርንጫፍ አጥፌ አያለሁ፣ ከተለመጠች ገና ናት፣ ቀጭ ብላ ከተሰበረች ደርሳለች። ከዛ ትንሽ አበባ ጃር ውስጥ ከመለኪያ ጋር ዘግቼ አሳድራለሁ። ጠዋት ከ58 እስከ 62 ካለ ሁሉንም አስገባለሁ፣ 65 ካለፈ አውጥቼ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ግማሽ ቀን አቆየዋለሁ፣ ከ70 በላይ ከሆነ ወደ ገመዱ ይመለሳል።

ጥ፦ ጃሩስ ስንት ጊዜ ይከፈታል?

መ፦ ሶስት አራተኛ ብቻ ሙላው። የመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንዴ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ክፈትና አገላብጠው፣ ሁለተኛው ሳምንት በሁለት ሶስት ቀን አንዴ፣ ከዛ በሳምንት። ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ። አንድ ወር ከታገስከው ጉሮሮ የሚቧጥጠው ነገር ይለዝባል።

ጥ፦ የብርቱካን ልጣጭ ጨምሩበት ይላሉ?

መ፦ በፍጹም። ልጣጩ ራሱ ይሻግታል። በጣም ከደረቀብሽ የ62 ፐርሰንት እርጥበት ከረጢት ይሸጣል፣ እሱን ጨምሪ።

ጥ፦ ልጄ፣ ለወገቤ ሕመም ነው ያበቀልኩት። አንዱን ስፈለቅቀው መሃሉ ግራጫ ሆኗል፣ እሱን ቆርጬ ብጥል አይበቃም?

መ፦ አይበቃም እናቴ፣ ያቺን አበባ ሙሉዋን ይጣሏት፣ አብረዋት ጃር ውስጥ የነበሩትንም። ያዩት የሻጋታውን አካል ነው፣ ዘሩ ለዓይን አይታይም። እሳት ያጠፋዋል ብለውም አይመኑ፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚያሳምም የሻጋታ ዓይነት አለ፣ በተለይ የስኳር ሕመም ካለብዎት ወይም የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ። ገና በገመድ ላይ ያሉትን ደግሞ በየቀኑ ይዩዋቸው፣ ከአበባው መሃል አንዲት ቅጠል ብቻዋን ቡናማ ሆና ሳብ ሲያደርጓት ያለ ትግል ከወጣች፣ ሻጋታው ከስር ጀምሯል።

ጥ፦ አፓርትመንት ነው፣ ሽታው ኮሪደር ደረሰ። ደግሞ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ።

መ፦ ለሽታው ካርቦን ፊልተር ከማስወጫው ፋን ጋር ግጠም፣ ግን ከ70 በላይ እርጥበት ሲሆን ካርቦኑም ይደክማል። ሁለተኛው ግን ከሽታው ይበልጣል ወንድሜ። ስቴቱ ቢፈቅድም በፌደራል ሕግ ክልክል ነው፣ ኢሚግሬሽን ደግሞ የሚያየው ፌደራሉን ነው፣ ሲትዝንሺፕ ሊያስከለክልህ ይችላል። የኪራይ ውልህንም አንብብ። ሌላ ተክል ከመትከልህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ሂድ።