መቀመጫው በመጨረሻ ይገዛ

ሰሞኑን ከቴክኒክና ሙያ የተመረቀ አንድ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ሥራ ይዣለሁ። ቱርክ ሽንት ቤቱን ነቅዬ ቁጭ የሚባልበትን ልተክል ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ቧንቧውም አቀማመጡ ግራ ያጋባል። ከየት ልጀምር? መቀመጫው እንኳን ተገዝቷል» አለኝ።

«ተገዝቷል» ሲለኝ ሆዴ ባር ባር አለ። በስልክ የምችለውን ነገርኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቅ አለኝ። በዚህ የቧንቧ ሙያ ለምትጀምሩ ልጆች ሁሉ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ከአራት ኪሎ ዝቅ ብለው ካሉት አሮጌ ፎቆች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት እናት ይኖሩ ነበር። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ቱርኩ ላይ ቁጢጥ ማለት ስቃይ ሆኖባቸው ነበር። ሲነሱ የበሩን እጀታ ጨብጠው ነው፤ እጀታው ከመጎተቱ ብዛት ላልቶ ይንቀጠቀጣል። ቤሩት የምትሠራ ልጃቸው ይህን ስትሰማ ገንዘብ ላከች። የእህታቸው ልጅ መርካቶ ሄዶ ባለ ትልቅ ታንክ፣ የሚያምር ነጭ መቀመጫ ገዝቶ መጣ። እኔ ስጠራ ዕቃው ሳሎን ውስጥ ቆሟል። አቧራ እንዳይነካው እማማ ያረጀ ነጠላ አልብሰውታል።

ሜትሬን አወጣሁ። ክፍሏ ከበሩ እስከ ኋላ ግድግዳ 1 ሜትር ከ30 ናት። የፍሳሽ ቀዳዳው መሃል ከግድግዳው 48 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። የተገዛው መቀመጫ ደግሞ የተሠራው ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ለሚርቅ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ላይ ላስቀምጠው ብል ከግድግዳው 18 ሳንቲ ሜትር ተገንጥሎ ይቆማል። የመቀመጫው ርዝመት 68 ነው። ከፊቱ የሚተርፈው 44 ብቻ! በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። በሩን ወደ ውጭ እናዙረው ቢባልም፣ ጉልበቱ ለማይታጠፍ ሰው 44 ሳንቲ ሜትር ያው 44 ነው።

ይሄ እንኳ ቀላሉ ነበር። ቱርክ ሽንት ቤት የራሱ ሲፎን፣ ማለትም ውሃ ይዞ ሽታ የሚከለክል የታጠፈ ቧንቧ፣ ከሥሩ አለው፤ ሶሌታው (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ውስጥ ወይም ከሶሌታው በታች ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። ቁጭ የሚባልበት መቀመጫ ግን ሲፎኑ በሆዱ ውስጥ ነው። የታችኛውን ሳታወጡ የላይኛውን ከተከላችሁ ሁለት ሲፎን ተደራረበ ማለት ነው። በመሃል አየር ይታፈናል፣ ውሃው ይንተፋተፋል፣ በወር በሁለት ወሩ ይደፈናል። ብዙ ቤት ውስጥ «ይሄ መቀመጫ አይረባም» ተብሎ የሚወቀሰው ዕቃ ጥፋተኛው እሱ አይደለም፤ ከሥሩ የተረሳው ሲፎን ነው።

ያ ሲፎን ያለው ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከእማማ በታች የሚኖር አንድ ሰውዬ ሽንት ቤት ኮርኒስ ውስጥ ነው። ወርጄ አንኳኳሁ። በሩን በግማሽ ከፍቶ ሰማኝ። «ከዚህ በፊት ከላይ ሲያፈስብኝ ማንም ይቅርታ አላለኝም። በራሴ ገንዘብ ነው ያስጠገንኩት። አሁን ደግሞ ኮርኒሴን ልታፈርሱ? አይሆንም» አለኝ። እውነቱን ነበር። የቀድሞው ሠራተኛ መገጣጠሚያውን በሲሚንቶ ለጥፎ ሄዷል። ሲሚንቶ ደግሞ ቧንቧው ትንሽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይሰነጠቃል። ሽማግሌ ተላከ። አልተበገረም።

የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ መውጫ መንገድ ነበር። ዋናው የቁም ቧንቧ የሚያልፈው በዚያችው ክፍል ጥግ ነው። ወደ ኋላ፣ በግድግዳ በኩል የሚያስወጣ መቀመጫ ቢገዛ ኖሮ፣ የመውጫው መሃል ከወለሉ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ የቁም ቧንቧውን እዚያው እማማ ክፍል ውስጥ ቆርጬ መቀላቀል እችል ነበር። የታችኛውን ሰውዬ ሳንነካ። ዕቃውን ይቀይሩልን ብለን ወደ ሱቁ ሄድን። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተባልን። ሌላ ይገዛ ስል እማማ ፊታቸውን አጠቆሩ። «ልጄ በሰው ቤት እየለፋች ሁለተኛ ግዢልኝ አልላትም» አሉ። ወለሉን ከፍ አድርገን ቧንቧውን ከላይ እናሳልፍ የሚልም ሐሳብ መጣ። ደረጃ ለመውጣት የሚያቃስት ሰው ሽንት ቤት ውስጥ ሌላ ደረጃ? እምቢ አልኩ።

ክረምቱ ገባ። እማማ አልቻሉም። ወንዱ ልጃቸው ደብረ ብርሃን ወሰዳቸው። ሲሄዱ የቡና ጓደኞቻቸው ደረጃው ላይ ቆመው አለቀሱ።

ከመስቀል በኋላ የታችኛው ሰውዬ ራሱ ደወለልኝ። የእሱም መስመር ተደፍኖ ነበር። ኮርኒሱ በዚያ ሰበብ ተከፈተ። ሲፎኑን አወጣሁት። በቀዳዳውና በመቀመጫው መካከል የነበረውን የ18 ሳንቲ ሜትር ልዩነት በሁለት ባለ 45 ዲግሪ ኤልቦ (የቧንቧ ማጠፊያ) አዞርኩት። አሮጌውን ካስት አይረን (የብረት ቧንቧ) ከፕላስቲኩ ጋር በብረት ማጥበቂያ በሚታሰር የጎማ ማያያዣ አገጣጠምኩ። ከሰዓት በኋላ ሥራው አለቀ። ሰውየው ሻይ አፍልቶ አመጣልኝና «ያኔ ሲያፈስብኝ መጥቶ ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር እኮ…» ብሎ ዝም አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። እማማ ግን አልተመለሱም። ቤቱ ተከራየ። ያ መቀመጫ እስካሁን በደንብ ይሠራል፤ የተገዛላቸው ሰው አንድ ቀን እንኳ ሳይቀመጡበት።

ስለዚህ ልጆቼ፣ አሮጌ ፎቅ ላይ ሥራ ስትይዙ ቅደም ተከተሉን አደራ። መጀመሪያ ልኬት፣ ቀጥሎ የታች ጎረቤት፣ ዕቃ መግዛት በመጨረሻ። ልኬቱ ከባዶው ብሎኬት አይደለም፤ ሴራሚክና ማጣበቂያው ከተለጠፈ በኋላ ካለው ፊት እስከ ቀዳዳው መሃል ነው። ሴራሚክ ገና ካልተለጠፈ ውፍረቱን አስባችሁ ቀንሱ። ባለቤቱ «ዕቃውን እኔ አመጣለሁ» ካለ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። በቃል የተነገረ ቁጥር መርካቶ እስኪደርስ ይለወጣል።

የዛሬ ልጆች ከእኛ ፈጣኖች ናችሁ፤ ይሄን አልክድም። ግን ከቪዲዮ የምትማሩት ነገር ያሳስበኛል። አሜሪካዊው ቪዲዮ ላይ ወለሉ እንጨት ነው፣ ርቀቱ አብዛኛውን ጊዜ 12 ኢንች (30 ሳንቲ ሜትር ያህል) ነው፣ የሰም ቀለበት አስቀምጦ ከላይ ይጫነዋል፣ አለቀ። የእኛ ሶሌታ ኮንክሪት ነው፤ ርቀቱንም የወሰነው ያን ቀን የነበረው ግንበኛ ነው። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና ቧንቧውን በእጃችሁ ዳስሱ።

ያስተማሩኝ ሽማግሌ ካስት አይረን ከመቁረጣቸው በፊት በማርቴሎ እጀታ ቀስ አድርገው ይመቱትና ጆሯቸውን ይሰጡ ነበር። ጥርት ያለ ድምፅ ካወጣ ደህና ነው። የታፈነ ድምፅ ካወጣ ወይ ሞልቷል፣ ወይ ተሰንጥቋል። ከመቁረጣቸው በፊትም የላይኛውን ቧንቧ ግድግዳው ላይ ያስሩታል፤ የሦስት ፎቅ ብረት ክብደት አለው። ለማንም አላስጻፉትም። እኔም ብዙ የነገሩኝን ረስቻለሁ። ለዚህ ግን ስልክ ጥሩ ነው፤ ኮርኒስ ከመዘጋቱ በፊት ቧንቧውን ፎቶ አንሱ፣ ለቤቱ ባለቤትም ላኩለት። ቀድሜ ኪሳችሁ ክተቱ ማለቴን አውቃለሁ፤ ሁለቱንም ከልቤ ነው።

18 ሳንቲ ሜትርን በአንድ ጠማማ የጎማ ማገናኛ ልሸፍን ብላችሁ አትድከሙ። እሱ ብዙ ጊዜ የሚያዞረው 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ለዚያም መንገዱን ያጠብባል። ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዝቀዝቅ። የመቀመጫውን ውሃ ስትለቁ የወለሉ ፍሳሽ ቀዳዳ ጉርጉር ካለ መስመሩ አየር አጥቷል፤ መተንፈሻ ቧንቧውን ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ ጣሪያ ላይ ወፍ ጎጆ ሠርቶበት ታገኙታላችሁ። መቀመጫውን ወለሉ ላይ በሲሚንቶ አትቅበሩት። በፊሸርና በብሎን ይታሰር፣ ዙሪያው ሲልከን ይቀባ። ነገ የሚነቅለው ሰው እንዳይሰብረው።

ወለል ከፍ ማድረግን ግን ፈጽሞ አትንኩ አልልም። ጎሮ አንድ ቤት ራሴ ሠርቼዋለሁ፤ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፣ ደስ ብሏቸው ይኖሩበታል። የሚጠቀምበትን ሰው እግር አይታችሁ ወስኑ።

ሥራውን የምትፈትሹት ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ይሁን፤ በጀሪካን ብቻ ፈትሻችሁ አትሂዱ። አንዱ ከላይ ደጋግሞ ይልቀቅ፣ ሌላው ከታች መገጣጠሚያው ላይ ደረቅ ሶፍት ጠቅልሎ በባትሪ እያየ ይጠብቅ። ሶፍቱ ጠብታ እንኳ ካሳየ ኮርኒሱ አይዘጋም። በማግስቱ ወደ ታች ጎረቤት ደውላችሁ ጠይቁ፤ የቀረ ሒሳብ ካላችሁም ከዚያ በኋላ ተቀበሉ።