ጥያቄና መልስ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሱሱን በስእለት በአንዴ ልተወው?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ እንደምን አሉ? የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ከማርገዜ በፊት ጀምሮ ሄሮይን እወስዳለሁ። ሲጠፋ በሕመም ማስታገሻ ክኒን እተካዋለሁ። ሲጋራም አጨሳለሁ። ሀራራው ሲነሳብኝ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል። አሁን ለእመቤታችን ተስዬ፣ ከሰኞ ጀምሮ እየጾምኩ በአንዴ ላቆም ወስኛለሁ። ሐኪም ዘንድ ብትሄጂ ሌላ መድኃኒት ነው የሚያስጀምሩሽ አሉኝ። ይህ ሱስን በሱስ መተካት አይደለም ወይ? ልጄስ በእኔ ኃጢአት ይቀጣ ይሆን? ለባለቤቴም ለንስሐ አባቴም እስካሁን አልነገርኩም።»

መልስ፦ እኅቴ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልሽ። ሰኞ እጀምራለሁ ስላልሽ የሚያስቸኩለውን ላስቀድም። ሐኪም ሳያይሽ በአንዴ አታቋርጪ። ይህን የምልሽ ጸሎትን አቅልዬ አይደለም። በምን ልብ እንደተሳልሽ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን አሁን ብቻሽን አይደለሽም፤ ሀራራው የሚይዘው ሁለታችሁንም ነው።

ሄሮይን፣ እንዲሁም ሞርፊን፣ ትራማዶልና የመሳሰሉት ብርቱ የሕመም ማስታገሻዎች ከአንድ ወገን ናቸው። በእንግዴ ልጁ አልፈው ጽንሱ ጋ ይደርሳሉ፤ ሰውነቱም ይለምዳቸዋል። ድንገት ሲቋረጡ እናትን እንደሚያስጨንቃት ጽንሱንም ሊያስጨንቁት ይችላሉ። ምጥ ያለ ጊዜው ሊመጣም ይችላል። እኔን የበለጠ የሚያስፈራኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያለ ሕክምና በአንዴ ካቆሙት ብዙዎቹ ሀራራው አሸንፏቸው ይመለሳሉ። ጥቂት ሳምንት የራቀ ሰውነት ደግሞ የድሮውን መጠን መሸከም አይችልም። የለመደችውን ያህል ስትወስድ ትንፋሿ ሊቆም ይችላል። እናትም ልጅም አብረው የሚታጡት እንዲህ ነው።

ስለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ፣ ከነዚህ ዕፆች ሱስ ያለባት ነፍሰ ጡር በአንዴ ከማቋረጥ ይልቅ ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን በሚባል መድኃኒት ሕክምና እንድትጀምር የሚመክረው። ይህ ሱስን በሱስ መተካት አይደለም። ሄሮይን ቶሎ ያነሳል፣ ቶሎ ይጥላል፤ በቀን ስንት ጊዜ ያመላልስሻል። ጽንሱም አብሮሽ ይወጣል፣ ይወርዳል። መድኃኒቱ ግን ተለክቶ፣ ሰዓት ተጠብቆ ይሰጣል፤ ቀኑን ሙሉም በእኩል ያቆይሻል። ሀራራው ሲያርፍ ትበያለሽ፣ ትተኛለሽ፣ የእርግዝና ክትትልሽን አታቋርጪም። ዕፁን ፍለጋ በሌሊት መውጣትም ይቀራል። እርግዝናው ሲገፋ ሐኪሙ መጠኑን ሊጨምርልሽ ይችላል። ሰውነትሽ ስለተለወጠ ነውና ወደቅሁ ብለሽ እንዳትደነግጪ።

መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር ይላል። እርሱን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው ይለናል። በዚያው ምዕራፍ የታመመ ሰው እንዲጸልይ፣ ከኃጢአት እንዲርቅ፣ ሐኪሙንም እንዳያርቅ ያዝዛል። ሁለቱን ያጣላናቸው እኛ ነን። ጸበልሽን ጠጪ፣ መድኃኒትሽንም በሰዓቱ ውሰጂ። ጸበል ላይ ሆነሽ «መድኃኒቱን ጣዪው» የሚልሽ ቢመጣ አትስሚው፤ የጤናሽን ነገር ከሐኪምሽ ጋር ጨርሺ።

ወደ ልጅሽ ልምጣ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ጌታን ሲጠይቁት (ዮሐ. 9) የአንቺው ጥያቄ ነበር የጠየቁት፤ እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ የበደሉት? ጌታ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም አላቸው። ሕዝቅኤልም (18፥20) ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ብሎ ዘግቶታል። ልጅሽ አይቀጣም። ሊጎዳ ግን ይችላል፤ ይህን ሸፍኜ ባጽናናሽ ውሸታም እሆናለሁ። ቅጣት አንድ ነገር ነው፣ የሥራ መዘዝ ሌላ። መዘዙን ደግሞ ዛሬ በምታደርጊው መቀነስ ትችያለሽ።

እንዲህ ያለ ሕፃን ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፤ ሳታውቂው ብታዪው ልብሽ ይሰበራል። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ልቅሶው ቀጭንና የሰላ ነው፤ ቢያባብሉትም ቶሎ አይበርድለትም። ጡጫውን ወደ አፉ እየወሰደ ይጠባል፣ ጡት ሲሰጡት ግን በደንብ መያዝ ያቅተዋል። ያስነጥሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ እንቅልፍ ብሎ ነገር የለም። ሜታዶን የወሰደች እናት ልጅም ይህ ሊያጋጥመው ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪሞቹ አስቀድመው አውቀው ይጠብቁታል። ይህ የሚታከም፣ የሚያልፍ ነው። ክፍሉን ጸጥ ያደርጉታል፣ መብራቱን ይቀንሳሉ፣ እናቱ ልብሷን ገልጣ ደረቷ ላይ ታቅፈዋለች። ብዙዎቹ በዚህ ብቻ ይረጋጋሉ፤ የባሰበት ጠብታ መድኃኒት ይሰጠውና ቀስ በቀስ ይቀነስለታል። እናቲቱ በሕክምናው ከጸናች፣ ሌላ ዕፅም ካልወሰደች፣ ሐኪሙ የሚከለክልበት ሌላ ምክንያት ከሌለ ማጥባትም ትችላለች፤ ማጥባቷም ልጁን ያረጋጋዋል። ደግሞ ይህ ሕፃን ሱሰኛ አይደለም። ማንም እንዲህ ብሎ እንዲጠራው አትፍቀጂ።

ሲጋራውም ቀላል አይደለም። ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ እንዲወለድ፣ የእንግዴ ልጁም ያለ ጊዜው እንዲላቀቅ ያደርጋል፤ ከወሊድ በኋላም በእንቅልፉ ድንገት ለሚሞት ሕፃን አንዱ ምክንያት ነው። ይህንንም ለሐኪሙ አንሺለት።

ስለ መጠጥ አልጠየቅሽኝም፤ ይህን የሚያነብቡ ሌሎች ስላሉ ግን አልዘለውም። መልአኩ ለሶምሶን እናት ከመፅነሷ በፊት ተገልጦ የወይን ጠጅና የሚያሰክር ነገር እንዳትጠጣ አዝዟት ነበር (መሳ. 13)። ትእዛዙ ልጁ ናዝራዊ፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተለየ፣ ስለሚሆን ነው፤ ቢሆንም ልጁን ለመጠበቅ መጀመሪያ የታዘዘችው እናቲቱ ነች። በዘመናችን ሐኪሞች በማሕፀን ሳለ በአልኮል የተጎዳን ሕፃን መለያ ምልክቶች እ.ኤ.አ. በ1973 ስም ሰጥተው ጻፏቸው። ያ ጉዳት የአእምሮ ነው፣ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። በእርግዝና ጊዜ «ትንሽ አይጎዳም» የሚባል መጠን አይታወቅም። ይሁንና በየቀኑ አብዝታ የምትጠጣ ወይም የእንቅልፍና የማረጋጊያ ክኒን የለመደች እናትም ብቻዋን በአንዴ አታቁም። ሰውነቷ ተንቀጥቅጦ ራሷን ልትስት፣ ሕይወቷንም ልታጣ ትችላለች። ሐኪም ቤት ሆና ታቁም።

ስእለትሽን አልሽርብሽም። ይዘቱን ግን ለውጪው፤ «ሰኞ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ፣ ምንም አልደብቅም» ብለሽ ተሳይ። ጾሙን በተመለከተ፣ ሆድሽ ባዶ ሆኖ ሀራራን መታገል የለብሽም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለነፍሰ ጡር እንደየአቅማቸው ታዝንላቸዋለች፤ ልኩን የንስሐ አባትሽ ይነግሩሻል። ቁርባንንም እንደዚሁ፤ የመድኃኒቱን ሰዓት ንገሪያቸውና አብራችሁ ወስኑ እንጂ ለመቁረብ ብለሽ በራስሽ አትዝለይው።

ይህን የምታነብቡ አባቶችም ካላችሁ ልለምናችሁ። እንዲህ ያለች ልጅ ስትመጣ ስግደትና ጾም ከማዘዛችሁ በፊት የእርግዝና ክትትል ጀምራ እንደሆነ ጠይቋት። በቁጣ ከተመለሰች ሁለተኛ አትመጣም፤ ሐኪም ዘንድም አትሄድም።

ለባለቤትሽ ብቻሽን ሆነሽ መንገር የምትፈሪ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ አስቀድመሽ ንገሪ፤ ምሥጢሩ ከእርሳቸው አይወጣም። ከዚያ አብረዋችሁ ተቀምጠው ሊያነጋግሩት ይችላሉ። ቢመታኝ ብለሽ ከሰጋሽ ግን ይህንንም ለሐኪሟ ወይም ለአዋላጇ ንገሪ፤ ይህም ሕክምናሽ ነው።

ሐኪም ዘንድ ስትገቢ ምን እንደምትወስጂ፣ ምን ያህል፣ መጨረሻ የወሰድሽው መቼ እንደሆነ፣ በመርፌ ከሆነም በመርፌ መሆኑን በግልጽ ተናገሪ። በመርፌ ከሆነ ለኤች አይ ቪና ለጉበት ቫይረሶች ትመረመሪያለሽ። ኤች አይ ቪ ቢገኝ እንኳ በጊዜ የተጀመረ መድኃኒት ልጁን ሊጠብቀው ይችላል። የምትወስጂውን መድኃኒት ስም በወረቀት ጽፈሽ ከክትትል ካርድሽ ጋር ያዢ። ምጥ ሲጀምርሽ ለአዋላጇ አሳዪያት፤ አንዳንድ የምጥ ማስታገሻ መርፌዎች ከመድኃኒትሽ ጋር አይስማሙም፣ ሀራራውንም በድንገት ይቀሰቅሱብሻል።