እህቴ፣ የማጨሻ ክፍሉን እንዳትሠሪው

ጥያቄሽን አየሁት። «ግሮሰሪ ልከፍት ነው፤ ቤት ውስጥ ማጨስ በሕግ ክልክል ነው ይሉኛል፤ ግን የማውቀው ቤት ሁሉ ይጨስበታል። ብከለክል ደንበኛ ይሸሻል ወይ? ለአጫሾች ለብቻ ክፍል ብሠራላቸውስ?» ነው ያልሽው። ከስር የመለሱልሽ ሰዎች ግማሾቹ «ተይው፣ ማንም አይጠይቅሽም» ይላሉ። ግማሾቹ ስለ ሳንባ ይሰብካሉ። ቤት ከፍቶ የሚያውቅ ግን አንድም ያለ አይመስለኝም። እኔ ከፍቻለሁ፣ ታሽጎብኛል፣ መልሼም ከፍቻለሁ። ስለዚህ ቢረዝምብሽም ታገሺኝ።

1. ክፍሉን አትሥሪ። መቼም ቤቱ ኪራይ ነው። አከራይሽም እንደኔዋ እመቤት ምስማር በተመታ ቁጥር የሚደውሉ ይሆናሉ። እኔ በ2013 ስከፍት 9 ጠረጴዛ የምትይዝ ድራፍት ቤት ነበረችኝ። ከዚያ በፊት ናይሮቢ ሄጄ አንድ ቤት ውስጥ ለአጫሾች የተከለለ ቦታ አይቻለሁ። ኬንያ በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ እንዲህ ያለ የተለየ ቦታ ይፈቅዳል። እኔ ደግሞ እዚያ ከተፈቀደ እዚህም ይፈቀዳል ብዬ አሰብኩ። ሞኝ!

ግን ጭፍን አልነበርኩም፣ ጠይቄያለሁ። ጉዳዩ ይመለከተዋል የተባልኩት ቢሮ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። የመጀመሪያው ቀን «ስብሰባ ላይ ናቸው»። ሁለተኛው ቀን ባለሙያው መስክ ወጥቷል። በሦስተኛው ቀን ያገኘኋት ልጅ ስልኳን እየነካካች፣ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ከለል ካደረግከው ችግር የለውም» አለችኝ። በጽሑፍ ስጪኝ አልኳት። «አንተ ደግሞ፣ ለሲጋራ ደብዳቤ የሚጻፍ መሰለህ?» ብላ ሳቀች። ከጎኗ ሻይ የሚጠጣውም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ አሁን ትዝ ሲለኝ የሚያናድደኝ የራሴ ሳቅ ነው።

86 ሺህ ብር አወጣሁ። አልሙኒየም፣ መስታወት፣ ወደ ኋላ ጭስ የሚያስወጣ ትልቅ ፋን። ፋኑ ሲነሳ ጀኔሬተር ነው የሚመስለው። ልክ በአራተኛው ወር፣ ማክሰኞ 11 ሰዓት ላይ ሦስት ተቆጣጣሪዎች መጡ። አንደኛው አዋጁን አውጥቶ አነበበልኝ፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011። ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቤት ውስጥ፣ የሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። ለብቻ የተከለለ ክፍል የሚባል ነገር የለውም። ተከራከርኩ። «ወንድሜ፣ ይሄ ክፍልህ ጣሪያ አለው፣ ግድግዳ አለው፣ አስተናጋጅህ ገብታ ትታዘዝበታለች፤ ታዲያ ምንድነው?» አለኝ። ምን ልበለው? ቢሮ ተፈቅዶልኛል ስለው «ማን ፈቀደልህ?» አለኝ። የልጅቷን ስም እንኳን አላውቅም። በ11 ቀን እሽግ ውስጥ የተከፈቱ ሁለት በርሜል ድራፍት ተደፉ። የሠራተኛ ደሞዝ ግን አልታሸገም።

ለነገሩ ክፍሉ ሥራውንም አይሠራም ነበር። አስተናጋጇ ጃምቦ ይዛ በገባች በወጣች ቁጥር ጭሱ ተከትሏት ይወጣል። ኮርኒሱ በአራት ወር እርድ የተቀባ መሰለ። አንድ ማታ ቤት ስንዘጋ እዚያ ክፍል የምታስተናግደው ልጅ ሻሿን ፈትታ አሸተተችው፣ ከዚያ ፌስታል ውስጥ ቋጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ምነው ስላት «ቤት ሕፃን አለብኝ» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እኔ እስከዛ ቀን ድረስ የማስበው ስለ ደንበኛ ነበር። ደንበኛው ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ይሄዳል፤ እሷ ግን በቀን 10 ሰዓት እዚያ ውስጥ ነበረች። ሳታጨስ።

2. መተርኮሻ የሚባል ነገር ቤትሽ ውስጥ አይገኝ። ሲጨስ ከተገኘ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። «እኔ አላጨስኩም፣ ደንበኛው ነው» ማለት አይሠራም፣ ሞክሬዋለሁ። ባንኮኒው ላይ ለጌጥ ያስቀመጥኳቸውን ሁለት መተርኮሻዎች ተቆጣጣሪው አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸውና «ይሄስ የስኳር ነው?» አለኝ። አንዱ ውስጥ ቁራጭ ነበረበት።

ሲጋራ ትሸጪ እንደሆነ ደግሞ ገደቡ 18 ሳይሆን 21 ዓመት ነው። ሺሻን ስለሚጠቁሙሽ ሰዎች ምንም አልልም፤ የተከለከለ ነው፣ አለቀ።

3. በረንዳ መፍትሔ አይደለም። እኔ ክፍሉን ካፈረስኩ በኋላ ሁሉንም ወደ በረንዳ አወጣኋቸውና ጎበዝ ነኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ለካ ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር መራቅ አለበት! ያ ረዥሙ ተቆጣጣሪ መጥቶ በእርምጃ ለካው። 6 እርምጃ። አጭር ስለሆንኩ በኔ እርምጃ 10 ሞላ፣ እንዲያውም አለፈ። ደንበኞቹ ጃምቧቸውን ይዘው ያዩናል፣ ይስቃሉ። በመጨረሻ ከጎረቤት ግንበኛ ሜትር ተዋስን፣ 6 ሜትር ከ40 ሆነ። አሁን የግቢው በር ጋ ዛፍ ስር አግዳሚ አኑሬያለሁ። አጠገቡ አሸዋ የተሞላ የቀለም ጣሳ አለ። ወጪው 86 ሺህ አይደለም፣ 1,200 ብር ነው። በርና መስኮትሽን ዛሬውኑ ለኪ፣ በሜትር።

4. ሂሳብ። ይሄን ማንም አይነግርሽም። ሰው «ላጭስ» ብሎ ሲወጣ አንዳንዱ አይመለስም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንት 1,900 ብር እንዲሁ በጭስ ሄደ። መታወቂያ አስይዙ ብል ነባር ደንበኛ ተቀየመኝ። አሁን ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሂሳብ በየዙሩ ነው፣ ለሚያጨሰውም ለማያጨሰውም። ለአጫሾች ብቻ ብታደርጊው ስድብ ይሆናል።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ፣ ደንበኛ ይሸሻል ወይ። አዎ ይሸሻል፣ አልዋሽሽም። የቅዳሜ ማታ ልጆቼ፣ ሰባት ስምንት ሆነው የሚመጡት፣ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ቤት ሄዱ። እዚያ እስከዛሬ ይጨሳል። አልተመለሱም። የሚያበሳጨኝም ይሄ ነው። ተቆጣጣሪ በቀን ይመጣል፣ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ግን አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። ሕጉን አከብራለሁ ያለው ደንበኛ ያጣል፣ ያላከበረው ያተርፋል። አንዱ ከስር «ክልከላ መጠጥ ቤትን ይገድላል» ብሎ ጽፎልሻል። እኔ የምለው የሚገድለው ግማሽ ክልከላ ነው። አየርላንድ በ2004 እ.ኤ.አ. ስትከለክል በመላ አገሪቱ ያሉ መጠጥ ቤቶችን በአንድ ቀን ነው የከለከለችው፤ አጫሹ ተናዶ የሚሄድበት ጎረቤት ቤት አልነበረውም። እኛ ጋ ሕጉ ያው ነው፣ ማዶው ግን አለ።

ግን የመጣም አለ። ምሳ ላይ ጥብስ ጀመርኩ። እሁድ ሰው ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ድሮ በር ላይ ቆመው ጭሱን አይተው የሚመለሱ ሴቶች አሁን ገብተው ይቀመጣሉ። ሦስተኛው ወር ላይ ገቢዬ ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ከድራፍት ያጣሁትን ከማእድ ቤት አገኘሁት። አንቺም ወጥ ቤቱን ከወዲሁ አስቢበት።

አንድ ጋሼ አሉ። ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፣ ጥጉ ላይ ተቀምጠው ኒያላቸውን ሲያጨሱ ነው የማውቃቸው። «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ውጭ ነው» ስላቸው «በዚህ እድሜዬ ዝናብ ላይ ልታወጣኝ?» አሉኝና ኮፍያቸውን አንስተው ሄዱ። ስድስት ሳምንት ጠፉ። ከልቤ አዘንኩ፣ በአባቴ ላይ ያደረግኩት ነው የመሰለኝ። ሐምሌ ላይ ጋቢ ደርበው መጡ። «ማዶ ያለው ቤት ድራፍቱ ውሃ ነው» አሉ። ይኸው ዛሬም ጋቢያቸውን እየለበሱ ዛፉ ስር ይወጣሉ። ማጨስ አላቆሙም። ድሮ አንድ ማታ አንድ ፓኮ ነበር፣ አሁን ግን ዝናቡ ከአራት ፍሬ በላይ አይፈቅድላቸውም፤ ጃንጥላ አልገዛላችሁም ስላልኳቸው ይዝቱብኛል።

በተረፈ ቢሮ ሄደሽ የቃል መልስ ይዘሽ እንዳትወጪ። ነጋሪት ጋዜጣውን ራስሽ አንብቢ፣ ጥያቄሽን በደብዳቤ አስገቢ፣ ገቢ የተደረገበትን ማህተም ይዘሽ ውጪ። ይሳቁብሽ።

መስታወቱ እስካሁን አለ። አራት ቁራጭ ነው፣ አልተሰነጠቀም፣ ለወጥ ቤት መከለያ ይሆንሻል። ከፈለግሽ ልኬቱን በውስጥ መስመር ልላክልሽ። ፋኑ ተሸጧል።