ካባ ከማልበሳችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ደውላችሁልኝ ነበር። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችሁ የሮጡ፣ ኳስ የተጫወቱና ያሠለጠኑ የድሮ ሰዎችን በአንድ መድረክ ሰብስባችሁ ልታከብሩ እንዳሰባችሁ ነገራችሁኝና "ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን በሙሉ ስፖርት ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ምን ይመክሩናል?" አላችሁኝ። በስልክ የሰጠኋችሁ መልስ ለራሴም አላጠገበኝም። እንዲህ ያለ ዝግጅት የሚያስቡ ሌሎች ወጣቶችም ስላሉ፣ ለሁላችሁም በጽሑፍ ይሁን ብዬ ነው።

ሐሳባችሁን ወድጄዋለሁ። የሚያሰጋኝ፣ አዳራሹም ካባውም ዋንጫውም ተሟልቶ፣ ሰውየው በትክክል ምን እንደሠራ የጠየቀ ግን እንዳይጠፋ ነው። በብዙ የምስጋና ምሽቶች ላይ ተገኝቻለሁ። የምስክር ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ሁልጊዜ ያው ነው፤ "ለስፖርቱ ዕድገት ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ።" ይህ ለማንም ይሆናል። ዕድሜውን ፀሐይ ላይ ቆሞ ላሠለጠነውም፣ ለዝግጅቱ የታሸገ ውሃ ላቀረበውም እኩል ይሰጣል። ተሸላሚው ቤቱ ገብቶ ሲያነበው ራሱን አያገኝበትም።

በቆጂን እንውሰድ። አርሲ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባና ቲኪ ገላና ከዚያችው ከተማና ከዙሪያዋ የወጡ የኦሊምፒክ ባለወርቆች ናቸው። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትሩን ስታሸንፍ፣ የኦሊምፒክ ወርቅ በማጥለቅ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ፋጡማ ከአራት ዓመት በኋላ አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን በማሸነፍ ከአፍሪካ ሴቶች ቀዳሚዋ ነች። ይህን ያየ የውጭ ጋዜጠኛ ሁሉ ምስጢሩን ፍለጋ በቆጂ ወርዶ ስለ ከፍታው፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ገብሱ ጻፈ። እውነት አለው። ነገር ግን ከፍታ ያለው፣ ገብስ የሚበላ ከተማ በአገራችን ሞልቷል፤ ሁሉም ደራርቱን አላወጣም።

በቆጂ ላይ አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ፤ ስንታየሁ እሸቱ። ከፍ ያለ ቢሮ አልነበራቸውም፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። ሥራቸውን "አስተዋጽኦ" ብላችሁ ብታልፉት ምንም አልነገራችሁንም። ሜዳው ላይ ከሚራወጠው ሕፃን ሁሉ መካከል የትኛው እግር ሩቅ እንደሚሄድ ዓይተው መለየት፣ ያንን ልጅ በጠዋት ቀስቅሶ ዳገት ማስወጣት፣ ልጁ መብሰል ሲጀምር ደግሞ አዲስ አበባ ላለ ክለብ ማስረከብ፤ ይህ ነው ሥራቸው። የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ። የትምህርት ቤት አሠልጣኝ ሙያው አሳድጎ መስጠት ነው። ልጁ ሜዳልያ ሲያጠልቅ ከጎኑ የሚቆመው ሌላ አሠልጣኝ ነው።

ያኛውን አሠልጣኝ ለማሳነስ አይደለም። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ሃንጋሪ ተምረው መጥተው፣ ከባርሴሎና እስከ ቤጂንግ ያለውን የወርቅ ዘመን በኮስታራ ፊታቸው የመሩ ሰው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን በአሠልጣኝነታቸው ሸልሟቸዋል፤ ይገባቸዋልም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. ሲያርፉም አገር አዝኗል። እኔ የምለው፣ እሳቸው እጅ የደረሰው ልጅ ከሰማይ እንዳልወረደ ነው። እናንተ ደግሞ የምታዘጋጁት የትምህርት ቤት በዓል ስለሆነ ሥራችሁ የመነሻውን ሰው መፈለግ ነው። ታዋቂውን ሌሎች ያከብሩታል። "ላለው ይጨመርለታል" የሚለውን ቃል እዚህ ላይ ባትፈጽሙት እመርጣለሁ።

በኳሱም ያው ነው። ይድነቃቸው ተሰማን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት፣ በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 ረተን የአፍሪካ ዋንጫን ስናነሳ የቡድኑ አሠልጣኝ አድርገን እናውቃቸዋለን። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ። ስለ ፕሬዚዳንቱ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ተማሪው ግን ትንሽ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ሰዎች ልምጣ። ዝርዝራችሁን ስታነቡልኝ ክለብ ወይም ብሔራዊ ቡድን የገቡት ብቻ መሆናቸውን አስተዋልኩ። ለምን? ለትምህርት ቤት የሮጠ ልጅ አብዛኛው ሯጭ ሆኖ አይቀርም። ከእኔ የዱላ ቅብብል ልጆች አንዱ የከባድ መኪና ሾፌር ሆነ፤ አንዷ አዋላጅ ነርስ ሆና ገጠር ለገጠር ዕድሜዋን ጨረሰች። ልጆቿን ይዛ አንድ ጊዜ መጥታ ነበር፤ ሌሊት በእግር ወደ ምጥ ስትጠራ መንገዱን የምትወጣው በዚያው በአውራጃው ውድድር ጊዜ ባስለመድኳት አተነፋፈስ እንደሆነ ነገረችኝ። እስቲ ለዚች ሴት በየትኛው ሚዛን ነው ከሜዳልያ በታች የምንሰጣት? የዕድሜ ልክ ሽልማት ካላችሁት፣ ዕድሜውን እዩለት እንጂ የአንድ ቀኑን ሩጫ ብቻ አትዩ።

አሠልጣኞቹንም ስትጠይቁ ሜዳው ላይ አትቁሙ። በእኔ ጊዜ ትልቁ ሥራ ከሜዳው ውጭ ነበር። አብሮኝ ያስተምር የነበረ አንድ ባልደረባዬ ጎበዝ ርዝመት ዘላይ ልጅ አገኘ። አባቷ ደግሞ ልጄ በሰው ፊት በቁምጣ አትታይም አሉ። ባልደረባዬ ምን አደረገ? ሽማግሌ ሰበሰበ። ልክ ሚስት እንደሚጠይቅ ሰው፣ የሰፈሩን ቄስና አንድ የተከበሩ ነጋዴ ይዞ ቤታቸው ሄዶ ቆሞ ለመነ። አባት መጀመሪያ እንቢ አሉ፤ ቀጠሮ ተሰጠ፤ ተመልሰው ሄዱ። በመጨረሻ በረጅም ቱታ ትዝለል፣ ሲመሽ መምህሩ ራሱ ቤቷ ያድርሳት ተብሎ ታረቁ። ከዚያ በኋላ ስንቷን ሴት ልጅ በዚያው መንገድ ከቤት እንዳወጣ ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ ለአንዷ ሲፈቀድላት የጎረቤቷ አባት እንቢ ለማለት ይቸገር ነበራ! ይህን የሚያሳይ ዋንጫ የትም የለም። ካልጠየቃችሁ አታገኙትም፤ እሱም በራሱ አፍ አይነግራችሁም።

እንዴት ትጠይቃላችሁ? ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ያሉት ዋንጫዎች አይጠቅሟችሁም፤ አብዛኞቹ ላይ ዓመት የለም። የመዝገብ ቤቱ ሮስተር የልጆቹን ስም ከነአያታቸው ይሰጣችኋል። የቀድሞውን ዘበኛ ፈልጉ፤ ማን በጠዋት በር እንዳስከፈተው እሱ ያውቃል። የሚኒ ሚዲያ ልጆች የነበሩትን ጠይቁ፤ ሰልፍ ላይ ውጤት የሚያነቡት እነሱ ነበሩ። ውጭ አገር የሄዱ የትምህርት ቤቱ ልጆች ገንዘብ እንዲልኩ ብቻ አትጠይቋቸው፤ ሻንጣ ውስጥ ያስቀመጡትን ፎቶ ይላኩ። በሰሜን አሜሪካ ያለው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ሲሰበሰብ የድሮ ተጫዋቾችን በክብር እንግድነት የመጋበዝ ልማድ አለው፤ እዚያ ከሚሰባሰቡት መካከል የእናንተንም ትምህርት ቤት ማልያ የለበሰ ሰው ሊኖር ይችላል። አንድ ውድድር ያሸነፍኩት እኔ ነኝ የሚሉ ሁለት ሽማግሌዎች ማግኘታችሁ አይቀርም። አትከራከሯቸው፤ የሁለቱንም ጻፉና ሦስተኛ ሰው ጠይቁ።

አንድ ከባድ ነገር ልናገር። ፊሽካ የያዘ ሁሉ ሊከበር አይገባውም። በዱላ ያሠለጠነ አለ፤ ሴት ተማሪዎችን ያስለቀሰም አለ። አንድን አሠልጣኝ መድረክ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት፣ በእሱ እጅ ያለፉ ሴቶችን ብቻቸውን፣ በእርጋታ ጠይቁ። ዝም ካሉ ዝምታውን ናቁት አልላችሁም። እናንተ ያጨበጨባችሁለት ሰው፣ አዳራሹ ውስጥ ለተቀመጠች አንዲት ሴት ዳግም ቁስል እንዳይሆን ፍሩ።

ጊዜውንም አታራዝሙት። ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር፣ በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ 5 ሺህንም 10 ሺህንም ጠቅልሎ የወሰደው፣ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ቶሮንቶ ውስጥ ሲያርፍ ስንቱ ስለ እሱ ጻፈ፣ አለቀሰ! እኔም ከጻፉት አንዱ ነበርኩ። የእናንተ አሠልጣኞች ምሩጽን ያህል ስም የላቸውምና፣ ሲያርፉ የሚጽፍላቸውም አይኖርም። ገንዘብ እስኪሞላ፣ ስፖንሰር እስኪገኝ ብላችሁ ወደ ሚመጣው ዓመት ማሻገር በዚህ ዕድሜ ላይ ላለ ሰው ማሻገር አይደለም።

ደግሞስ ይህን ያህል ገንዘብ ለምን? ሆቴሉን ተዉት። በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በጠዋት፣ ተማሪዎች በተሰለፉበት አድርጉት። በሆቴል የሚታደሙት እርስ በርሳችሁ የምትተዋወቁት ናችሁ። ዘጠነኛ ክፍል ያለችው ልጅ ግን በዚያው ሜዳ ላይ የሮጠች አንዲት አዋላጅ ነርስ ስትከበር ማየት አለባት። (ምሳ አታስቀሩ፤ እኛ ሽማግሌዎች ምሳ እንወዳለን።) ከተረፋችሁ ደግሞ ሜዳውን አስደልድሉ፣ ለዝላዩ ጉድጓድ አሸዋ ግዙ።

ካባ የተደራረበበት፣ ግን ጉልበቱን የሚታከምበት ያጣ ጡረተኛ መምህር አውቃለሁ። ስለዚህ፣ አንድ ሰው ልካችሁ ተሸላሚው ምን እንደሚያስፈልገው ቤተሰቡን ጠይቁ። መነጽር ሊሆን ይችላል፤ የመድኃኒት መግዣ ሊሆን ይችላል። ይህንን ግን በማይክ አትንገሩ፤ ፖስታውን ካሜራ ፊት አታስጨብጡት። ይሉኝታ ያለው ሰው ነው። በጓሮ ለልጁ ስጡ፤ አለቀ።

እናንተ ዛሬ የምትሮጡት ደግሞ፣ አንድ ደብተር ይኑራችሁ። ማን አሠለጠናችሁ፣ ማን ጫማ አዋሳችሁ፣ ማን ከቤተሰብ ጋር ተከራከረላችሁ፤ ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉ። ክለብ ስትገቡ ጋዜጠኛ "ማን አገኘህ?" ብሎ ይጠይቃችኋልና የመጀመሪያው ስም ከአፋችሁ አይጥፋ።

መርሐ ግብሩን ስታወጡ የቢሮ ኃላፊዎቹን ንግግር አሳጥሩ። ጊዜውን ለተሸላሚዎቹ ስጡ፤ ወረቀታቸው ላይ የምታስጽፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ በእነሱ ላይ ብቻ የሚሠራ ይሁን። ለዚያ ባልደረባዬ "ሽማግሌ ልኮ ሴቶችን ከቤት ወደ ሜዳ ያወጣ" ብትሉት በቂ ነው። እሱ አሁን ጆሮው ስለደከመ ስልክ አያነሳም፤ ቤቱን እኔ አሳያችኋለሁ። ዝርዝራችሁን እንደገና ሠርታችሁ ላኩልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ የድሮ ፎቶዎቼንም አውጥቼ እጠብቃችኋለሁ።

የቀድሞ የስፖርት መምህራችሁ