ሰባተኛ ክፍል የት ይግባ? ማንበብ ለሚከብዳቸውና ትኩረት ለሚያጥራቸው ልጆች ወላጆች የተሰጠ መልስ

ጅማ ውስጥ በልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህርነት ስለምሠራ፣ የ6ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ የወላጆች ጥያቄ ይበዛብኛል። ልጃቸው ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ወደ ግል ትምህርት ቤት ሊዛወር ነው፤ ማንበብ ይከብደዋል ወይም ሐሳቡ አይሰበሰብለትም። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ አቅርቤአለሁ።

«መምህርት፣ ልጄ በቃል የጠየቁትን ሁሉ ይመልሳል፤ ወረቀት ላይ ግን ከ20 ስድስት ያመጣል። የክፍል ኃላፊው ሰነፍ ነው ይሉኛል።» (እናት፣ ከመንደራ)

እህቴ፣ ሰነፍ ቢሆን በቃሉስ ከየት ያመጣው ነበር? ዛሬ ማታ ከ4ኛ ክፍል መጽሐፍ አንድ ገጽ ያስነብቡትና ምን እንደተረዳ ይጠይቁት። ቀጥሎ ሌላ ገጽ እርስዎ ያንብቡለትና እንዲሁ ይጠይቁት። ሲነበብለት የሚገባው ራሱ ሲያነብ ከጠፋበት፣ የሚቸገረው ፊደሉን ከድምፁ ጋር በማገናኘት ሊሆን ይችላል። ዲስሌክሲያ የሚባለው ይህ ነው፤ ከብልህነት ማነስ ጋር አይያያዝም፣ በቤተሰብም ይተላለፋል። የጅማ ልጅ ጫናው ይበዛበታል። በአማርኛ ለ እና ሰን፣ ነ እና ኘን ሲለይ ይውላል፤ አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ድምፁ ሲረዝም አናባቢው መደገሙን ማስታወስ አለበት፤ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ደግሞ ከአነባበቡ ጋር ብዙ ጊዜ አይገናኝም።

ደብተሩንም ይግለጡ። የገጹ አናት በጥሩ ጽሕፈት ተጀምሮ፣ መሐል ላይ ተበላሽቶ፣ መጨረሻው ባዶ ከሆነ ልጁ ሲገለብጥ ደወል እየቀደመው ነው። ከሁሉ በፊት ግን ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሁለቱንም ማሳየት ይቻላል።

«የኔ ልጅ ሰው እያናገራት ድንገት ፈዛ ትቀራለች፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ትቀጥላለች። ትኩረት ማጣት ነው?» (አባት)

ወንድሜ፣ ትምህርት ቤት ከመምረጥዎ በፊት ሐኪም ቤት ይውሰዷት። አንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ እንዲህ ነው የሚታየው፤ አይጥላትም፣ አያንፈራግጣትም። መድኃኒት አለው።

«ሁሉንም ተማሪ 100 በመቶ የሚያሳልፍ ትምህርት ቤት አግኝተናል። ልጃችንን እዚያ ብናስገባውስ?»

ተፈታኙን ሁሉ ማሳለፍ ብዙ ጊዜ የማያልፈውን አስቀድሞ ከማሰናበት ይመጣል። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩን ስንት አለፈ ብለው አይጠይቁ፤ 7ኛ ክፍል ስንት ነበሩ፣ 8ኛን የተፈተኑትስ ስንት ናቸው ብለው ይጠይቁ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ የት እንደሄዱ ያስረዱዎት።

እኔ የምመዝነው የመምህራኑን መልስ ነው። ቢሮ ውስጥ ሁሉም «እንደግፋለን» ይላል። አንዱን የሒሳብ መምህር ለብቻው አግኝተው «ልጄ ጥያቄውን ማንበብ ሲያቅተው ምን ያደርጉለታል?» ይበሉት። «አነብለታለሁ»፣ «ጊዜ እጨምርለታለሁ»፣ «በቃል እፈትነዋለሁ» ካለዎት ሠርቶበታል። «ተጨማሪ ጥናት ይገባል» ካለዎት ይጠንቀቁ። ጠዋት ያልገባውን ማታ በዚያው መንገድ መድገም ልጁን ያደክመዋል፤ ክፍያውንም ይጨምርብዎታል።

ሌላም ነገር አለ። አሁን ባለው ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ኪነ ጥበብ፣ የሙያና ቴክኒክ ትምህርት አለ። የንባብ ችግር ያለበት ልጅ ቀና ብሎ የሚሄደው በእነዚህ ሊሆን ይችላል። በተግባር ይማሯቸው እንደሆነ ወይስ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ተላልፎ እንደሆነ ከተማሪዎቹ ይጠይቁ፤ ተማሪ አይደብቅም።

«ችግሩን ከነገርናቸው አይቀበሉትም ብለን ፈራን። ብንደብቅስ?»

አይደብቁ፤ በመጀመሪያው ወር ፈተና ይታወቃል፣ ያኔ የሚሸማቀቀው ልጁ ነው። በሕግ በኩል፣ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ስለ አካቶ ትምህርት፣ ማለትም አካል ጉዳተኛው ልጅ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ስለሚማርበት ትምህርት ነው። ይህን ይዘው ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አቤት ማለት ይችላሉ። ነገር ግን በአቤቱታ ተገዶ የተቀበለ ትምህርት ቤት ውስጥ ኩርፊያውን ሲሸከም የሚውለው ልጁ ነው። እኔ ብሆን አቤት ብዬም ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶችንም አይናቁ፤ በልዩ ፍላጎት የሠለጠነ መምህር ያላቸው አሉ።

«ክፍል ቢደግምስ?»

የማስተማሪያው መንገድ ካልተለወጠ ዓመት ማባከን ነው።

«ግራኝ ነው፤ በቀኝ እንዲጽፍ ላስለምደው?»

ተዉት። ብቻ ክርኑ ከጎረቤቱ ጋር እንዳይጋጭ የዴስኩ ግራ ጫፍ ላይ ይቀመጥ።

«አማቴ ዓይን ነው ይላሉ፤ ዱዓ ይደረግለት እያሉ ነው።» (እናት፣ ከሕርማታ)

ዱዓው ይደረግለት፤ አማትዎን አያስቀይሙ። የሐኪም ቀጠሮው ብቻ አይለፈው።

«በእንግሊዝኛ የሚያስተምረው ይሻላል ወይስ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ?»

ማንበብ የሚከብደውን ልጅ፣ ቤት ውስጥ በማይሰማው ቋንቋ ጠቅላላ ሳይንስ ማስተማር ሸክሙን እጥፍ ያደርግበታል። የእንግሊዝኛው ክብር ለወላጅ ነው። ሁለት ነገር አጣሩ፤ በክፍል የሚማረው በምን ቋንቋ ነው? የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በምን ቋንቋ ይቀርብለታል? ሁለቱ ካልተስማሙ ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደሚያሻግረው ያስረዳዎት።

«መቼ ሄደን እንይ?»

ነሐሴ ላይ ምዝገባ ነው፤ የሚያዩት ሰልፍና ደረሰኝ ብቻ ነው። ግንቦት ውስጥ፣ ትምህርት እየተሰጠ ሳለ ይሂዱ። የቆዩ ደብተሮቹንና የሐኪም ወረቀት ካለ ይያዙ። ዝናብ ያለበትን ቀን ይምረጡ፤ የጅማን ዝናብ ያውቁታል። ኮርኒስ በሌለው ክፍል ቆርቆሮው ሲመታ የመምህሩ ድምፅ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም፤ ትኩረቱ ለሚበተን ልጅ ያ ክፍለ ጊዜ ጠፋ ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ተስማምቶዎት ኮርኒስ ብቻ ከጎደለ ግን ያስመዝግቡት፤ ፊት ወንበር እንዲሰጠው በጽሑፍ ያመልክቱ፣ ቅጂውንም ያስቀሩ።