ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት ልጁን እዪው

«ለልዩ ፍላጎት ተማሪዎቼ የዓመቱን የትምህርት ግቦች ጻፊ ተብያለሁ፤ ዝግጅቱን ከየት ልጀምር?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እህቴ፣ በዚሁ ሥራ ዓመታት ስለቆየሁ የማደርገውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ቅጹን አስቀምጪው። የምሬን ነው። ብዙዎቻችን ባዶውን ሳጥን ስናይ ይጨንቀንና ካለፈው ዓመት፣ ሲብስም ከሌላ ልጅ ፋይል ገልብጠን እንሞላዋለን። ግብ መጻፍ የሚከብደው ልጁ አሁን ምን ላይ እንዳለ ስለማናውቅ ነው። እሱ ከታወቀ ጽሑፉ ብዙም አያስቸግርም።

ፋይሉን አንብቢ፣ ግን አትታሰሪበት። የምርመራው ስም ምን ማስተማር እንዳለብሽ አይነግርሽም። ሁለቱም ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ አቀላጥፎ ያነባል፣ ሌላው ውሃ ሲጠማው እንኳ መጠየቅ ያቅተዋል። ከፋይሉ የምትፈልጊው ያለፈው ግብ ምን እንደነበር፣ የት እንደደረሰና ካልደረሰም ምን እንደያዘው ነው። መነጽር ወይም የመስሚያ መሣሪያ ከታዘዘለት ደግሞ እያደረገው መሆኑን በዓይንሽ አረጋግጪ፤ ቦርሳው ውስጥ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ራስሽ መዝኚ። ንባብ ከሆነ በደረጃው ያለ አጭር ጽሑፍ ስጪውና አንድ ደቂቃ አስነብቢው፣ በትክክል ያነበባቸውን ቃላት ቁጠሪ። ሦስት የተለያዩ ጽሑፎች አስነብቢውና መካከለኛውን ውሰጂ፤ 18፣ 31 እና 22 ካመጣ መነሻሽ 22 ነው። በአንድ ቀን ውጤት ብቻ አትፍረጂ፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅ የሚያውቀውንም ይረሳል።

ሒሳብ ላይ ግን ከነጥቡ ይልቅ ስህተቱን ነው ማየት ያለብሽ። ልጁ 42 ሲቀነስ 17 ተብሎ 35 ብሎ ጻፈ እንበል። «መቀነስ አይችልም» ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ይችላል! ከ7 ላይ 2፣ ከ4 ላይ 1 ቀንሷል፤ ላይ ይሁን ታች ሳይለይ ሁልጊዜ ትንሹን ከትልቁ ነው የሚያነሳው። 61 ሲቀነስ 24 ስጪውና 43 ካለሽ ነገሩ ተረጋገጠ፣ ያልገባው መበደር ነው። ግቡም በመበደር መቀነስ ላይ ይሆናል እንጂ «የሒሳብ ችሎታውን ያሻሽላል» የሚባል፣ ማንም ሊለካው የማይችል ነገር አይሆንም።

ባህሪም እንዲሁ ነው። «ይረብሻል» ምንም አይነግርሽም። ከመረበሹ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ከዚያስ ምን ተከተለ? እነዚህን ለተወሰኑ ቀናት መዝግቢያቸው። ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ በተባለ ቁጥር ደብተሩን የሚወረውርና በዚያ የተነሳ ሁልጊዜ ከክፍል ውጣ የሚባል ልጅ፣ መወርወር ከንባብ እንደሚገላግለው ተምሯል ማለት ነው። የእሱ ግብ «አይወረውርም» ሳይሆን ሲከብደው እጁን አውጥቶ ወይም ካርድ አሳይቶ እርዳታ መጠየቅ ነው።

ወላጆቹን አነጋግሪ፣ «ችግሩ ምንድን ነው?» ብለሽ ግን አትጀምሪ፤ ሰልችቷቸዋል። «ቤት ውስጥ ብቻውን ምን ይሠራል?» በያቸው። ልጁንም ጠይቂው፣ መናገር ባይችል በሥዕል ይመርጥልሻል።

ስትመዝኚ ምን ያህል እንደረዳሽውም ጻፊ፦ ብቻውን ነው፣ በቃል አስታውሰሽው ነው፣ ወይስ እጁን ይዘሽ? ይህን ካልጻፍሽ መሻሻሉን በኋላ ከምን ጋር ታወዳድሪዋለሽ?

ግብ ላይ የምንጽፋትን «80 በመቶ ጊዜ በትክክል ይሠራል» የምትባለዋን መለኪያ ደግሞ ሁሉም ቦታ አትለጥፊያት። መንገድ መሻገር ላይ ካስገባሻት ከ10 ጊዜ 2ቱን መኪና ፊት ይግባ እያልሽ ነው!

ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ቅጹን አውጪ። «በዓመቱ መጨረሻ፣ በደረጃው ያለ አዲስ ጽሑፍ ሲሰጠው፣ ያለ እርዳታ በደቂቃ 45 ቃላት በትክክል ያነባል፤ መነሻው 22» ብትዪ ይበቃል። 45ቱን ከሰማይ አታውርጂው፤ ባለፉት ወራት ስንት እንደጨመረ አይተሽ ወስኚ። ጥቂት ግብ ይሁን፣ የማትከታተዪውን አትጻፊ። ስትጨርሺም ልጁን ለማታውቅ መምህርት አስነብቢያት። ምን እንደምትለካ ሳትጠይቅሽ ከገባት ጨርሰሻል፣ ከጠየቀችሽ ግን የጎደለው እዚያው የጠየቀችሽ ቦታ ላይ ነው።