ጥያቄና መልስ፦ በባሊ ጠረፍ የሰመጠችውን መርከብ ለማየት

ጥያቄ፦ «ውድ አዘጋጅ፣ በሚመጣው ክረምት ከባለቤቴ ጋር ወደ ኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት ለመሄድ አስበናል። በዚያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመታች መርከብ ከባሕር ሥር እንዳለችና ጠላቂ ያልሆነ ሰውም በስኖርክል (በውኃው ወለል ላይ በግንባሩ ተንሳፎ በቱቦ እየተነፈሰ) ሊያያት እንደሚችል ሰምቻለሁ። እኔ ዋና የተማርሁት በሆቴል ገንዳ ነው፤ በባሕር ላይ ዋኝቼ አላውቅም። የሰማሁት እውነት ነው? ለእኔ ዓይነቱ ሰውስ ምን ያህል ያሰጋል?»
ሰ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እውነት ነው፤ ጊዜውንም በደንብ መርጠዋል፤ የእኛ ክረምት በባሊ ዝናብ የሚቀንስበት ወቅት ነውና። የሰሙት ስለ «ሊበርቲ» መሆን አለበት። መርከቧ የምትገኘው በደሴቲቱ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ፣ ቱላምበን ከምትባል መንደር ፊት ለፊት ሲሆን፣ ከዳርቻው ያላት ርቀት ወደ 30 ሜትር ብቻ ስለሆነ ጀልባ እንኳ አያስፈልግም።

እንዴት እዚያ እንደ ደረሰች ማወቁ የሚያዩትን ለመረዳት ይጠቅማል (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1918 የተሠራች የጭነት መርከብ ስትሆን፣ ለአሜሪካ ጦር የባቡር ሐዲድ ዕቃና ጎማ ጭና በሎምቦክ ወሽመጥ አጠገብ ስታልፍ ጃንዋሪ 11 ቀን 1942 አንድ የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፒዶ (ከውኃ ሥር በሚወነጨፍ ፈንጂ) መታት። አንድ የአሜሪካና አንድ የኔዘርላንድ የጦር መርከብ ወደ ሲንጋራጃ ወደብ ሊጎትቷት ሞክረው ነበር፤ ነገር ግን ውኃው እየበረታባት ስለ ሄደ በቱላምበን ዳርቻ ላይ እንድታርፍ ተደረገ። ሰዎች ጭነቷንና የሚጠቅም ዕቃዋን እያወረዱ እስከ 1963 ድረስ በዚያው ተቀመጠች። በዚያ ዓመት ከአንድ ሺህ ሰው በላይ የፈጀው የባሊው የአጉንግ ተራራ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ አብሮት የመጣው የመሬት መንቀጥቀጥ ከዳርቻው አንሸራቶ ወደ ባሕር ሰደዳት። ስለዚህ በጦርነት የሰመጠች ሲባል ብትሰሙም፣ ከባሕር ሥር ያስገባት ተራራው ነው።

ዛሬ ወደ 120 ሜትር የሚጠጋው አካሏ ከዳርቻው ጎን ለጎን በተዳፋት ላይ ጋደም ብሏል። ከፍ ያለው ክፍል ከውኃው ወለል 5 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይጀምርና ጥልቁ ጫፍ ወደ 30 ሜትር ይወርዳል። በስኖርክል የሚንሳፈፍ ሰው የሚያየው የላይኛውን ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ኮራል (እንደ ድንጋይ ጠጥሮ የሚያድግ የባሕር ፍጥረት) እና ለስላሳ የባሕር ፍጥረታት ስለ ሸፈኑት በመጀመሪያ እይታ ከተፈጥሮ ድንጋይ አይለይም፤ ዓይን ሲለምድ ግን ከኮራሉ መካከል የመርከቧ የብረት አጥንቶች በተርታ ይወጣሉ። በማለዳ የሚገቡ ደግሞ ግንባራቸው ያበጠ፣ ርዝመታቸው ከአንድ ሜትር ሊበልጥ የሚችል በቀቀን ዓሦች በመንጋ ሲያልፉ የማየት ዕድል አላቸው። ረፋዱ ላይ ከደቡብ ባሊ የሚመጡ ጎብኚዎች ቦታውን ስለሚያጨናንቁት፣ ለእኔ ቢሆን በመንደሯ አድሮ ጎሕ ሲቀድ መግባትን እመርጣለሁ።

ስለ ሥጋቱ ከተነሣ፣ ለእርስዎ ፈታኙ ነገር ዳርቻው ነው። አሸዋ የለም ማለት ይቻላል፤ መሬቱ ከጡጫ እስከ ራስ የሚያህል ጥቁርና ድቡልቡል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ማዕበሉ ሲመለስ ድንጋዩ ከእግር ሥር ይንከባለላል። የአካባቢው ሴቶች የጠላቂዎችን የአየር ሲሊንደር በራሳቸው ተሸክመው በዚሁ ድንጋይ ላይ ሲመላለሱ ሲያዩ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። የጎማ ጫማ ያድርጉ፣ የእግር መቅዘፊያውን ውኃው ወገብዎ ሲደርስ ይልበሱ፣ ተንሳፋፊ ሰደርያ አይለይዎ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያለ አስጎብኚ አይግቡ። ሰውነት በጨው ውኃ ላይ ከገንዳው ይልቅ በቀላሉ ይንሳፈፋል፤ ነገር ግን ሞገድ በማስተንፈሻው ቱቦ ውስጥ ሲገባ ያልለመደ ሰው ይደነግጣል፤ ስለዚህ አስቀድመው ጸጥ ባለ ቦታ ይለማመዱ። ባለቤትዎ ጎበዝ ዋናተኛ ቢሆኑና ትንፋሻቸውን ይዘው መርከቧን ለመንካት ቢፈልጉ፣ ከመውረዳቸው በፊት ደጋግመው በኃይል እንዳይተነፍሱ ይንገሯቸው። እንዲህ ማድረግ «ተንፍስ» የሚል ስሜት የሚያመጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ስለሚቀንስ፣ ሰው ኦክስጅኑ ማለቁን ሳያውቅ ውኃ ውስጥ ራሱን ይስታል።

ጥያቄ፦ «ዱባይ የምሠራ ሰው ነኝ፤ የመጀመሪያ ደረጃ የዳይቪንግ ፈቃድ አለኝ። በመስከረም ቱላምበን እሄዳለሁ፤ ከዚያ በቀጥታ ቤተሰቤን ለማየት አዲስ አበባ እበራለሁ። በመርከቧ ሆድ ውስጥ መግባት እችላለሁ? ለማስታወሻ ትንሽ ብረት ቢጤ መውሰድስ? ከመብረሬ በፊትስ ስንት ሰዓት ልቆይ?»
መ.፣ ከዱባይ

መልስ፦ ፈቃድዎ የሚወስነው እስከ 18 ሜትር ነው፤ የመርከቧ ሰፊ ክፍል ከዚያ ባነሰ ጥልቀት ላይ ስለሆነ ብዙ የሚያመልጥዎ ነገር የለም። ደግሞም በ30 ሜትር ግፊቱ ከምድር ላይ አራት እጥፍ ስለሚሆን አየሩ በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል።

ወደ ውስጥ የመግባቱን ጉዳይ ሁለት አድርገው ይዩት። «ሊበርቲ» ተሰባብራ የተከፋፈተች በመሆኗ፣ ከወዲህ ሲገቡ ከወዲያ ብርሃን የሚታይባቸው ሰፋፊ ክፍተቶች አሏት፤ በእነዚያ መካከል ከአስጎብኚ ጋር ማለፍ ይቻላል። ብርሃን የማይታይበት ዝግ ክፍል ግን የሌላ ሥልጠና ጉዳይ ነው። በእግር መቅዘፊያ አንድ ጊዜ ቢመታ ዝገትና ደለል ተነሥቶ እጅን ማየት እስኪያቅት ይጨልማል፤ በላይዎ ጣሪያ ስላለም ቀጥ ብለው መውጣት አይችሉም። የመመሪያ ገመድ፣ ትርፍ መብራትና የአየሩን ሁለት ሦስተኛ ለመመለሻና ለድንገተኛ የማስቀረት ልማድ የሌለው ሰው መግባት የለበትም፤ በዚህ ነገር ላይ «ትንሽ ብቻ ልይ» የሚባል ነገር አይመቸኝም።

ብረቱን ይተዉት። ኢንዶኔዥያ በ2010 ያወጣችው የቅርስ ሕግ ከውኃ ሥር ያለውንም ይመለከታል፤ ከዚህም ሌላ ለአሥርታት በጨው ውኃ የኖረ ብረት ሲደርቅ ውስጡ የገባው ጨው ይበላውና እየተፈረፈረ ያልቃል። በመደርደሪያዎ ላይ የሚተርፈው የዝገት ዱቄት ነው።

የበረራው ነገር ከሁሉም የበለጠ ሊያስቡበት ይገባል። ከውኃ በታች በግፊት ወደ ሰውነት የገባው ናይትሮጅን ቀስ እያለ ካልወጣ፣ ከፍታ ላይ ሲደርሱ በደምና በመገጣጠሚያ ውስጥ አረፋ ይፈጥራል። የተለመደው ምክር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት ወይም ደጋግሞ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ነው፤ እኔ ሙሉ ቀን ይቆዩ እላለሁ፣ ምክንያቱም የእርስዎ ጉዞ በአውሮፕላኑ አያበቃም። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ አዲስ አበባም ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት፤ ሌላው መንገደኛ ሲያርፍ ወደ ባሕር ወለል ሲመለስ እርስዎ በዚያው ከፍታ ላይ ይሰነብታሉ። ይኸው ሕግ በባሊም ይሠራል፦ ብዙ ጎብኚ ፀሐይ ስትወጣ ለማየት የሚወጣበት የባቱር ተራራ ከ1,700 ሜትር በላይ ነው፤ ስለዚህ ተራራውን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይውጡ፣ ከዚያ ይጥለቁ፣ የመጨረሻውን ቀን በዳርቻው ላይ ያሳልፉ።